የይርገዱ ደጅ

ወደ እንዝራ ጓሳ የሚወስደው መንገድ ዳገቱን ጨርሶ ሜዳውን በሚይዝበት ቦታ፣ ግራና ቀኝ የሰው ቁመት ያላቸው ሁለት ድንጋዮች ቆመዋል። ቦታው የይርገዱ ደጅ ይባላል። ደጅ ይባል እንጂ ቤት የሚባል ነገር በአካባቢው የለም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጓሳ ሣር፣ ጅባራ፣ ቀይ ቀበሮና ጉም ብቻ ነው። ቢሆንም የአገሩ ሰው በድንጋዮቹ መካከል ከማለፉ በፊት ቆም ይልና፣ ጎረቤቱ ቤት እንደ ደረሰ ሁሉ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። ካሜራ አንግቶ ከከተማ የሚመጣውንም እንግዳ እንዲጣራ ያደርጉታል። እንግዳው ብዙ ጊዜ ይስቃል። የጓሳው ጠባቂዎች ግን ስቆ እስኪጨርስ ይጠብቁና እንደገና ተጣራ ይሉታል።

እንደሚነገረው፣ በጥንት ጊዜም ጓሳው እንደ ዛሬው ይዘጋና ይከፈት ነበር። ለጣራ ክዳን የሚሆነው ሣሩ ታጭዶ ሲያልቅ አገሩ መክሮ ይዘጋዋል፤ ተመልሶ ወገብ እስኪደርስ ድረስም ለዓመታት ማጭድም ከብትም አይገባበትም። ከተዘጋ ተዘጋ ነው፤ ሀብታሙም ድሀውም እኩል ይጠብቃል። በዚያ ዘመን ወንድይራድ የሚባል፣ እርሻው የሚያስቀና፣ ግን ሰው ምን ይለኛል የሚለው ነገር እንቅልፍ የሚነሳው ገበሬ ነበረ። አንድ ልጁን ጥላዬን ሊድር ሽር ጉድ ሲል፣ ለሙሽሮቹ የሠራውን አዲስ ጎጆ ጣራ በረዶ አፈራረሰበት። ሠርጉ ደርሷል፣ ጓሳው ደግሞ ዝግ ነው።

ወንድይራድ የጓሳው ዳኛ ወደ ነበሩት ወደ አያ ልመንህ ሄዶ አንድ ጣራ የሚበቃ ሣር ብቻ እንዲፈቅዱለት ቢለምናቸው፣ ሽማግሌው ጓሳው እስኪከፈት ልጆቹ ከአንተው ጋር ቢኖሩ ምን ይጎድልብሃል አሉት። እርሱ ይህን ምክር እንደ ስድብ ቆጠረው። የልጄ ሙሽራ የራሷ ጎጆ ሳይኖራት አትመጣም አለና፣ ጉም አገሩን በሸፈነበት አንድ ረፋድ አህዮቹን ነድቶ ማንም ወደማያየው ወደ ጓሳው መሃል ገባ። ሲያጭድ ከጉሙ ውስጥ፣ ዝናብ በላዩ የወረደበት ቤተሰብ ዕቃውን ወዲያና ወዲህ ሲያሸሽ የሚሰማው ዓይነት ኮሽታ ይሰማው ነበር ይባላል። ሕፃን ሲያለቅስና እናት ስታባብል የሰማም መሰለው። ነፋስ ነው አለና ሸክሙን አስሮ ተመለሰ።

ሠርጉ አማረ፤ ሙሽራዋ ይርገዱም አዲሱ ጎጆ ገባች። ጫጉላው እንዳለቀ አንድ ጠዋት ስትነሣ፣ በሩ እንደ ተዘጋ ሳለ ጉም መሬቱ ላይ ተኝቶ አገኘች። ምድጃው አጠገብ ፍልፈል አፈር ቆልሏል። ጥላዬ ሣሩ ገና ስላልደረቀ ነው ብሎ ነገሩን አቃለለው። እርሱ እርሻ በዋለበት ቀን ግን ከውጭ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ መጣ። ብትወጣ ማንም የለም፤ አውድማው ላይ አንድ ቀይ ቀበሮ ቆሞ ጣራውን ያያል። ጉም በመጣ ቁጥር ድምፁ ተመላለሰ። የሚጣራው የተቆጣ ሰው አይመስልም፤ መቆም የደከመው ይመስላል። ይርገዱ ጨዋ አሳዳጊ ያሳደጋት ልጅ ነበረችና እንግዳ ደጅ ቆሞ መዋሉን አንጀቷ አልችል አለ። አንድ ቀን ከውስጥ ሆና «ይግቡ» አለች።

ምን እንደ ገባ የሚያውቅ የለም። ወንድይራድ ሊጠይቃት ሲመጣ፣ ሰፊውን መደብ ለቃ ጥግ ላይ ግድግዳ ተጠግታ ቆማ አገኛት። ለምን አትቀመጪም ቢላት፣ ሰው እንዳይሰማባት እንደምትፈራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ተቀምጠውበታል፣ አባባ» አለችው። «ጣራው የእኛ ነው ይላሉ። አልተቆጡም፤ የት እንግባ ነው የሚሉት።»

ወንድይራድ መደቡን አየ። የተነጠፈው ቁርበት እዚህም እዚያም ጎድጉዷል፤ አንዱ ጉድጓድ የሕፃን መቀመጫ ያህል ነበር። ያን ጊዜ ፈራ፤ ግን ፍርሃቱን ለማንም አልተናገረም። ጣራውን ዛሬ ባወርድ አገር ይስቅብኛል ብሎ የመልሱ ድግስ እስኪያልፍ ሊቆይ ወሰነ። ድግሱ ሳይደርስ ጉም ወረደ። ጎረቤት የሆነች ሴት፣ ይርገዱ ነጠላዋን አጣፍታ ከደጅ ስትወጣ አይታ ወዴት ነሽ ብትላት፣ እንግዶቼን ልሸኝ ነው ብላ መለሰች። እንዲህ እንዳለች ሄደች፣ አልተመለሰችም።

አባትና ልጅ ጣራውን አንዲት ሰበዝ ሳያስቀሩ አውርደው በአህዮቹ ጫኑና፣ ለአያ ልመንህ የሆነውን ሁሉ ነግረው ከእሳቸው ጋር ሁለቱ ድንጋዮች ዘንድ ደረሱ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጉም እጅን ቢዘረጉ እጅ የሚሰውር ነበር። ወንድይራድ ሊገባ ሲል ሽማግሌው ክንዱን ያዙት።

«የሰው ቤት ነው» አሉት። «ያን ጊዜ ሳትጣራ ገባህ። አሁን ተጣራ።»

ወንድይራድ «ቤቶች!» አለ። ከጉሙ ውስጥ፣ ከቅርብ፣ የይርገዱ ድምፅ መለሰ።

«ይግቡ! ደጅ ምን ያስቆምዎታል?»

ድምፅዋ እንግዳ በመምጣቱ ደስ ያለው የቤት ባለቤት ድምፅ ነበር። ወንድይራድን ያስፈራው እርሱ ነው፤ ከድንጋዩ ወዲህ ቀረ። ጥላዬ ግን አባቱን አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ አህዮቹን ነዳና ገባ። ደጅ የቀሩት ሁለቱ ሰላምታ ሰሙ፣ ሳቅ ሰሙ፣ ከዚያ ጣራ ሲከደን እንደሚሆነው ሣር ወደ ላይ ሲወረወርና ሲቀበሉት ሰሙ። ጉሙ ሲገለጥ አህዮቹ ጭነታቸው ወርዶ ብቻቸውን መጡ። ጓሳው ላይ ሰውም የታጨደ ሣርም አልነበረም።

ወንድይራድ በቀረው ዕድሜው ጉም በወረደ ቁጥር እዚያ ቆሞ ይጣራ ነበር ይባላል፤ የመለሰለት ግን የለም። ጓሳው በተከፈተ ዓመት ድርሻውን እንደ ሰው ሁሉ አጨደና ወደ ቤቱ እንደ መውሰድ መሃል ሜዳ ላይ አውርዶት ተመለሰ። አበድክ ወይ ሲሉት፣ «ቤት ነው፤ ጣራው ያረጃል» አለ።

ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ሸክም ለማንም አይታደልም፤ መሃል ሜዳ ላይ ያድራል፣ በማግሥቱ አይገኝም። ነፋስ ነው የሚሉ አሉ። በዙሪያው ያሉት ተራሮች ተመንጥረው አፈራቸው በጎርፍ ሲያልቅ እንዝራ ዛሬም ሣሩ እስከ ወገብ፣ ምንጩም ሳይደርቅ መኖሩን ግን ነፋስ ነው ያለ አልሰማሁም። ደንቡም ቀላል ነው፦ ተጣርቶ መልስ ያልሰማ ይገባል፣ ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ አንዲት ሰበዝ ሳይነቅል ይወጣል። መልስ የሰማ አይገባም፤ ያቀረቡለትን ግብዣ እንደሚያሳልፍ ሰው አመስግኖ ይመለሳል። እኔ ባለፈው ጥቅምት እዚያ ድረስ ተጉዤ ሄድኩ፤ ተጣራሁ፤ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሌላ ቀን» ብዬ ተመለስኩ።