የዶክተር ጉልላት ማዳመጫ

ሕዝብ የሚወደው አንድ ኮሜዲያን ነበር። ስሙ ሸዋንግዛው ነው። እሁድ ማታ በቴሌቪዥን በሚታይ የሆስፒታል ኮሜዲ ላይ ዶክተር ጉልላት የሚባል የሆስፒታል ኃላፊ ሆኖ ይጫወት ነበር። ዶክተር ጉልላት በሽተኛውን ትቶ አስታማሚውን የሚመረምር፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «መነጽሬን ማን ወሰደው?» እያለ ክፍሉን ሁሉ የሚያምስ፣ ሲሳሳት ደግሞ ጥፋቱን በነርሶች የሚያላክክ ጉረኛ ሐኪም ነው። በስክሪኑ ብቅ ሲል፣ ገና ምንም ሳይናገር ሰዉ መሳቅ ይጀምራል።

ከቀልዶቹ ሁሉ የታወቀችው ግን የማዳመጫዋ ነበረች። ሲስተር ብርቄ የምትባል ነርስ አንድ ነገር ልትነግረው እየሮጠች ትመጣለች። «ዶክተር፣ አልጋው ላይ ያለው ሰውዬ...» ብላ ስትጀምር፣ ዶክተር ጉልላት የልብ ማዳመጫውን ከአንገቱ ያወጣና በእሷ አንገት ላይ ያጠልቀዋል። ከዚያ ሁለቱን ጫፍ በአንድ እጁ ጨብጦ፣ «ነይ እስቲ እቺ ጥጃ!» እያለ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ይጎትታታል። ሲስተር ብርቄም የጀመረችውን ሳትጨርስ እየተደናቀፈች ትከተለዋለች። ይህች ትዕይንት ከየሳምንቱ ዝግጅት አትቀርም ነበር። ልጆች በየሰፈሩ በገመድ ይጫወቷት ጀመር። በየመሥሪያ ቤቱም አንዳንድ አለቃ ጸሐፊውን ሲጠራ «ነይ እስቲ እቺ ጥጃ» ይል ነበር አሉ።

ሸዋንግዛው ድርሰቱን የሚጽፈው ራሱ ነው። አዘጋጁም፣ የድርጅቱ ባለቤትም እሱ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ሠራተኛው ሲያገባ ቀድሞ ሰርግ ቤት ይገኛል፣ ሲያዝን ድንኳን አስተክሎ ያስተዛዝናል። ይህን የምነግራችሁ ላመሰግነው ብዬ አይደለም። የአለቃ ደግነት ራሱ አንዳንዴ አፍ እንደሚያሲዝ ልብ እንድትሉልኝ ነው። የአባትህን ለቅሶ አብሮህ የተቀመጠን ሰው «ቀልድህ አልጣመኝም» ማለት ይከብዳል።

አንድ ልማድም ነበረው። ከቀረጻ በፊት ተዋንያኑን፣ ካሜራ ያዡን፣ ሜካፕ የምትሠራዋን፣ ሾፌሩን ሳይቀር ሰብስቦ የጻፈውን ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። የተሳቀበት ይቀረጻል፣ ያልተሳቀበት ይሰረዛል። «ሳቅ አይዋሽም» ይላል ሁልጊዜ። ከራሱ በላይ የሠራተኞቹን ሳቅ እንደሚያምን በየቃለ መጠይቁ በኩራት ይናገር ነበር።

አንድ ቀን ኃይለልዑል የሚባል ምራቁን የዋጠ አንጋፋ ተዋናይ በዚህ ንባብ ላይ እጁን አወጣና፣ «ሸዋንግዛው፣ እቺ የማዳመጫዋ ለኔ አልጣመችኝም» አለ። በሚቀጥለው ክፍል ኃይለልዑል የሚጫወተው ገጸ ባሕርይ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ውጭ አገር ሄደ። በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሠራተኛው እርስ በርሱ «ዋ! ነጻ ትምህርት እንዳይደርስህ» መባባል ጀመረ። በንባቡ ላይም ያልሳቀ ሰው ታይቶ አያውቅም። ሸዋንግዛው ግን ድርሰቴ እየበሰለ ሄደ ብሎ ደስ አለው።

ሲስተር ብርቄን የምትጫወተው ውዳላት የምትባል ወጣት ተዋናይት ነበረች። እናቷን የምታኖረው በዚህ ሥራ ነው፤ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። አንድ ቀን ከቀረጻ በኋላ የሸዋንግዛውን ቢሮ አንኳኳች።

«ጋሼ፣ አንዴ ላስቸግርዎት?»

«ግቢ፣ ግቢ። ምን ሆነሽ ነው?»

«ያቺ የማዳመጫዋ ትዕይንት... ብትቀርስ ብዬ ነው።»

«ለምን? አንገትሽን አመመሽ?»

«ኧረ አላመመኝም።»

«ታዲያ?»

ውዳላት ወለል ወለሉን እያየች፣ «እማዬ እኔን ለማየት ትቀመጥና እዚያ ጋ ሲደርስ ቴሌቪዥኑን ታጠፋዋለች» አለች።

ሸዋንግዛው ሳቀ። «እናት አይደለች እንዴ! እናት እኮ ልጇ በቴአትር ብትሞትም ደረት ትመታለች። ደግሞ እኔን አታታልዪኝ፤ በንባቡ ላይ ከሁሉም በላይ የሚሰማው ያንቺ ሳቅ ነው። እንባሽ እስኪወርድ አይደል እንዴ የምትስቂው?»

«እሱማ እስቃለሁ» አለች።

እሱም ነገሩን ሊያቀልላት ፈልጎ ትከሻዋን መታ መታ አደረገና፣ «በይ ተይው፤ ኋላ ለሲስተር ብርቄም ነጻ ትምህርት እንዳይመጣላት» አላት። ውዳላት ሳቀች። ሸዋንግዛውም ተስማማች ብሎ ሸኛት። ማስፈራራቱ እንደነበር ራሱም አላወቀውም። ጉልበት ያለው ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ በጠባብ መንገድ ሲያልፍ ክርኑ ማንን እንደገጨ ዞር ብሎ አያይም።

ወራት አለፉ። ኮሜዲው የተጀመረበት ዓመታዊ በዓል ሲከበር ሸዋንግዛው አንድ ሐሳብ መጣለት። ልዩ ዝግጅቱን በአዳራሽ ውስጥ፣ በእውነተኛ ነርሶች ፊት እንዲቀረጽ አደረገ። «ሥራችንን ለባለሥራዎቹ እናሳያቸው፤ እነሱ ካልሳቁ ማን ይስቃል?» አለ። በቀጠሮው ቀን የዕረፍት ተራ የደረሳቸው ነርሶች ከከተማው ሆስፒታሎች መጡ። ነጩን ልብስ አውልቀው፣ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ አንዳንዶቹም ልጆቻቸውን አስከትለው አዳራሹን ሞሉት።

መጀመሪያ ሁሉም ነገር አማረ። ዶክተር ጉልላት አስታማሚውን አስተኝቶ ሲመረምር ነርሶቹ አንዷ በአንዷ ላይ እየተደገፉ ሳቁ። መነጽሩን ሲፈልግ ደግሞ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሸዋንግዛው በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። እንግዲህ የማዳመጫዋ ስትመጣ ምን ሊሆኑ ነው እያለ በልቡ ተዘጋጀ።

ውዳላት እየሮጠች ገባች። «ዶክተር፣ አልጋው ላይ ያለው ሰውዬ...» ማዳመጫው አንገቷ ላይ ገባ። «ነይ እስቲ እቺ ጥጃ!»

አንድም ሰው አልሳቀም።

ሸዋንግዛው ድምፁ ያልተሰማ መሰለው። ቀረጻውን አስቁሞ «እንደገና!» አለ። በሁለተኛው ላይ ጠንከር አድርጎ ጎተታት። ውዳላት አንድ ጫማዋ ወለቀና በጉልበቷ ወደቀች። አሁንም ዝም። አንዲት እናት ልጇን ወደ ራሷ ስባ ፊቱን ደረቷ ውስጥ አስገባችው። ለኮሜዲያን ከስድብ ይልቅ ዝምታ ይብሳል፤ ሸዋንግዛው ክው አለ። ማዳመጫውን እንደያዘ ወደ ሰዉ ዞረና፣ የዶክተር ጉልላትን ድምፅ ትቶ በራሱ ድምፅ ተናገረ።

«ምነው እናንተ? ሰው ሞተባችሁ እንዴ?»

ከፊት ረድፍ አንዲት በዕድሜ የገፉ ነርስ ተነሡ። ሲስተር ጥሩወርቅ ይባላሉ፤ ከተቀመጡት ብዙዎቹን ሥራ ያስለመዱ እሳቸው ናቸው።

«አይቀየሙን ልጄ» አሉ። «ጎበዝ ተጫዋች ነዎት፤ ቅድም ሆዳችንን ይዘን ስቀናል። እቺኛዋን ግን እኛ በየቀኑ ሥራ ቦታ እናያታለን።»

«እዚያስ አትስቁም?»

«እንስቃለን እንጂ። እዚያማ እንስቃለን።»

«እዚያ ከሳቃችሁ ዛሬ ምን ነካችሁ?»

«እዚያ ሥራ ላይ ነን» አሉ ሲስተር ጥሩወርቅ። «ዛሬ ዕረፍት ላይ ነን።»

 ሴትዮዋ ቀጠሉ። «የእርስዎን ፊልም ያየ አንድ ሐኪም ባለፈው ጊዜ ማዳመጫውን በአንዲት ተለማማጅ ልጅ አንገት ላይ አጥልቆ ጎተታት። ሁላችንም ሳቅን። እሷም ሳቀች። ኋላ አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ገብታ ስታለቅስ አገኘኋት። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ? ከዚያን ቀን ወዲህ ያቺ ልጅ ሐኪሙን ቀና ብላ አታየውም። ያየችውን ነገር ልትነግረው ትነሣና ትመለሳለች። ነርስ ለሐኪም ያየችውን መናገር ከፈራች ደግሞ የሚጎዳው እሷ ብቻ አይደለችም፤ አልጋ ላይ የተኛውም ነው። እኔ የምለው ይህንኑ ነው።» ብለው ተቀመጡ።

 ሸዋንግዛው የሚያድነው ሰው እንደሚፈልግ ሁሉ ወደ ውዳላት ዞረ። እሷ አሁንም በጉልበቷ ነበረች፤ ማዳመጫውም አንገቷ ላይ ነበር።

«አንቺ ትመስክሪ እስቲ! አንቺስ ከፍቶሽ ነው ስትስቂ የከረምሽው?»

ውዳላት ሳቀች።

ያው ሳቋ ነበር፤ በንባቡ ላይ የሚያውቀው፣ ከሁሉም በላይ የሚሰማው፣ እንባ የሚቀላቅለው ሳቅ። ነገር በዓይን ይገባል እንዲሉ፣ ሸዋንግዛው በዚያች ቅጽበት ያየው ግን ዓይኖቿን ነው። ዓይኖቿ ፊቱን አያዩም ነበር። የሚያዩት ማዳመጫውን የጨበጠውን እጁን ነበር፤ እንደገና ይጎትት እንደሆነ ለማወቅ። ያን ሁሉ ዘመን ሳቅ አይዋሽም ሲል የኖረ ሰው፣ ሳቅ ከፍርሃት እንዴት እንደሚመነጭ ያን ጊዜ አየ። በጣም አፈረ። ጫፉን ለቀቀውና ማዳመጫውን ቀስ ብሎ ከአንገቷ አወጣው። ጫማዋንም ራሱ አምጥቶ እግሯ ሥር አኖረላት። የዚያን ቀን ቀረጻ በዚሁ ተበተነ።

በማግስቱ ሸዋንግዛው የድሮ ድርሰቶቹን አውጥቶ ማዳመጫዋን ከሁሉም ሊሰርዝ ተቀመጠ። መሰረዙ ቀላል ነበር። በቦታው ምን እንደሚጽፍ ግን አላወቀም። ሲስተር ብርቄ እየሮጠች ትመጣለች፣ «ዶክተር፣ አልጋው ላይ ያለው ሰውዬ...» ትላለች። ከዚያስ? ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው ቢያገላብጥ የቀረውን አላገኘውም። ውዳላትን አስጠራት።

«ብርቄ ሁልጊዜ የምትጀምረው ወሬ አለ አይደል?» አላት። «ምን ልትል ነበር?»

«አልተጻፈላትም ጋሼ።»

«እሱን አወቅኩት። አንቺ ስትጫወቺው ምን ብለሽ ነበር የምታስቢው?»

 ውዳላት ልትስቅ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰና ተወችው። ባለፈው እዚሁ ቢሮ ነገሯን በሳቅ ነበር የዘጋችው፤ ያን ቀን ግን ሳትስቅ ተናገረች።

«'ዶክተር፣ አልጋው ላይ ያለው ሰውዬ ትንፋሽ አጥሮታል፣ ይድረሱለት' ልትል ነው እያልኩ ነበር የምጫወተው። ሁልጊዜ እንደዚያ እያልኩ ነው ሮጬ የምገባው። ከዚያ ይጎትቱኛል፤ ሰው ይስቃል። እኔ እየተጎተትኩ ስለ ሰውዬው ነበር የማስበው።»

ሸዋንግዛው ራሱን በእጁ ያዘ። ያን ሁሉ ዓመት አገር ያሳቀባት ቀልድ፣ አንድ ሰው ትንፋሽ አጥሮት በተኛበት፣ ሊነግርለት የመጣን ሰው አፍ የምትዘጋ ቀልድ መሆኗን ያን ጊዜ ተረዳ።

በሚቀጥለው እሁድ ሲስተር ብርቄ ንግግሯን ጨረሰች። ዶክተር ጉልላትም ማዳመጫውን ከአንገቱ አውጥቶ ወደ ጆሮው አደረገና ተከተላት። አንዳንድ ተመልካች «ጥጃዋ የት ደረሰች?» ብሎ ቅር አለው። ኃይለልዑልም ትምህርቱን ጨርሶ ተመለሰ ተብሎ ወደ ኮሜዲው ገባ፤ ስንት ጊዜ ተለምኖ እንደሆነ እሱ ይንገራችሁ። ንባቡ ዛሬም አለ፤ ግን የሚያነብላቸው ኃይለልዑል ነው፣ ሸዋንግዛው ደጅ ይቆማል። በሩ ስር ሆኖ፣ የኔ የሚላቸው ቀልዶች ስንቶቹ በዝምታ እንደሚያልፉ ይሰማል። ያመዋል፤ ግን ይሰማል። የውዳላት እናት ቴሌቪዥኑን ሳያጠፉ እስከ መጨረሻው አይተው እንደሆነ ግን አልሰማሁም።

ወዳጆቼ፣ የልብ ማዳመጫ የተሠራው ለመስማት ነው። ሸዋንግዛው ገመድ አደረገው። ሥልጣንም እንዲሁ ነው፤ የሰው ልብ የምናዳምጥበት ሆኖ ይሰጠናል፣ እኛ ሰው እንጎትትበታለን፣ የተጎተተውም ሲስቅ ወዶ ነው እንላለን። «እምቢ» ቢል የሚጎዳ ሰው «እሺ» ያለው እሺታ አይቆጠርም። ሳቁም ምስክር አይሆንም።

እኔም፣ እናንተም ምናልባት በአንድ ሰው ላይ አለቃ ነን፤ በቢሮ፣ በክፍል፣ በቤትም ቢሆን። እስቲ እንጠይቅ፤ በቀልዳችን የሚስቁት ሰዎች ዛሬ ዕረፍት ላይ ቢሆኑ ኖሮ ይስቁልን ነበር? ሊነግሩን ጀምረው ያቋረጥናቸውስ፣ ምን ሊሉን ነበር?