ባዘቶ ሳጥን አልገባም አለ

ጆሮ ያለው ይስማ፣ የሌለው ይዋስ። ነገር ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ ቧንቧ እንኳ ሲከፋው በሚያኮርፍበት ጊዜ፣ ብርቅነሽ የምትባል ልጅ ከእናቷ ጋር በእትዬ አልጣሽ ግቢ ተከራይታ ትኖር ነበር። ባዘቶ የሚባል ነጭ ጥንቸል ነበራት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እናቷ ሥራ ላይ ሳለች፣ እትዬ አልጣሽ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ባዘቶ ያገኘውን ጥግ ሁሉ አርጥቦታል።

«ስሚ አንቺ! ጥንቸል እርኩስ መሆኑን እያወቅኩ ዝም ብዬ ቻልኩሽ። ፀሐይ ስትጠልቅ ይሄ ሽታ ካለ ግን ለመብረቅ ነው የምወረውረው!»

መብረቅ የግቢው ውሻ ነው። ስሙ ሲጠራ ምላሱን አወጣ። እትዬ አልጣሽ ደግሞ ተናግረው የሚረሱ ሰው አይደሉም። 

ብርቅነሽ ባዘቶ የሚጸዳዳበት የእንጨት ሳጥን ፈልጋ አገኘች። ሽታን ሽታ ይሸፍነው ብላ ከአናጢው ደጅ ትኩስ የጥድ ሰጋቱራ አፍሳ ሞላችበት። ባዘቶ ገና እግሩን ሲያስገባ አነጠሰ፤ አሁንም አነጠሰ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ጎኑ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። ብርቅነሽ ውሻው ሳይበላው እኔው ገደልኩት ብላ ክው አለች። ሰጋቱራውን ጠራርጋ አወጣችው።

«ባዘቶዬ፣ እባክህ ሳጥኑ ውስጥ ግባ!»

«አልገባም» አለ ባዘቶ አፍንጫውን እየጠረገ። «ባዶ ሳጥን ያንሸራትተኛል፣ ሰጋቱራ ያፍነኛል። ድርቆሽ አንጥፊልኝ። እኔ እየቆረጠምኩ ካልሆነ አይመጣልኝም።»

ድርቆሽ ያለው ከግቢው በር ውጭ የቆመው የጋሪ ፈረስ ዘንድ ነው። ሮጣ ሄደች።

«ፈረስ ፈረስ፣ ድርቆሽ ስጠኝ። ባዘቶ ሳጥን አልገባም አለ፣ ፀሐይም አልጠብቅም አለች!»

«አልሰጥም» አለ ፈረሱ። «ጠዋት ጤፍ፣ ቀትር ላይ ስሚንቶ ስጎትት ውዬ ጉሮሮዬ ደርቋል። ውሃ አምጪና ድርቆሽ ውሰጂ።»

ወደ ግቢው ቧንቧ ሮጠች።

«ቧንቧ ቧንቧ፣ ውሃ ፍሰስልኝ። ፈረስ ድርቆሽ አልሰጥም አለ፣ ባዘቶ ሳጥን አልገባም አለ፣ ፀሐይም አልጠብቅም አለች!»

ቧንቧው አንዲት ጠብታ አንጠልጥሎ መልሶ ዋጣት። «አልፈስም። አንገቴ ላይ ያለውን ጓጉንቸር አታዪም? ተከራይ ውሃ ይጨርሳል ተብሎ ነው የታሰርኩት። ቁልፉን አምጪ።»

ቁልፉማ እትዬ አልጣሽ መቀነት ላይ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄኔ ነው። ደጃፋቸው ላይ ደግሞ መብረቅ ተጋድሟል።

«ንቅንቅ አልልም» አለ ውሻው። «እመቤቴ ለማታ ምን ቃል እንደገቡልኝ ሰምተሻል።» ምራቁ መሬቱ ላይ ጠብ አለ።

ፀሐይዋ የጎረቤቱን ቆርቆሮ ነክታለች። ብርቅነሽ ከሩቅ ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና ተጣራች።

«እትዬ አልጣሽ፣ ቁልፉን ይስጡኝ። ቧንቧ አልፈስም አለ፣ ፈረስ ድርቆሽ አልሰጥም አለ፣ ባዘቶ ሳጥን አልገባም አለ፣ ፀሐይም አልጠብቅም አለች!»

በሩ ተከፈተ። «አልሰጥም!» አሉ እትዬ አልጣሽ። «ሁዳዴ ሊገባ ሦስት ቀን ቀረው፣ ጎመኔ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ጾሙን በምን ልገፋው ነው? ጎመኔ ሳይለመልም ቁልፍ የለም።» በሩ ተዘጋ።

ወደ ጓሮ ሮጠች።

«ጎመን ጎመን፣ ለምልምልኝ። እትዬ ቁልፍ አልሰጥም አሉ፣ ቧንቧ አልፈስም አለ፣ ፈረስ ድርቆሽ አልሰጥም አለ፣ ባዘቶ ሳጥን አልገባም አለ፣ ፀሐይም አልጠብቅም አለች!»

«አልለመልምም» አለ ጎመኑ በደከመ ድምፅ። «ቅጠሌን መቀንጠስ ነው እንጂ ሥሬን ያጎረሰ የለም። ፍግ አምጪልኝ።»

ፍግ ከየት ታምጣ? የፈረሱ ፋንድያ እንደሆነ በየመንገዱ ቀርቷል። ፀሐይዋ ግማሿ ወርዳለች። ብርቅነሽ ለመጨረሻ ጊዜ ልቀፈው ብላ እያለቀሰች ቤት ገባች። ጥግ ላይ ተንበርክካ ባዘቶን ስታቅፈው ጉልበቷን የሆነ ነገር ቆረቆራት። አየችው። ጥቁር ሽምብራ የመሰለ የባዘቶ በጠጥ፣ ደረቅና ክብ፣ ጥጉን ሞልቶታል። ቀኑን ሙሉ ስታፍርበት የዋለችው ነገር ነው።

በቀሚሷ አፍሳ ጓሮ ደረሰችና ጎመኑ ሥር በተነችው። ቀና ስትል እትዬ አልጣሽ ከኋላዋ ቆመዋል። መብረቅም አብሯቸው ነው።

«ምን እየደፋሽ ነው?»

«የባዘቶ ነው፣ እትዬ።» አለች ብርቅነሽ። «ፍግ ነው። ለጎመኑ።»

እትዬ አልጣሽ በጠጡን አዩ፣ ጎመኑን አዩ። ጎመኑም አንድ ቅጠል ቀና አደረገ።

«እንግዲህ እርኩሱ ሥጋው ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ የምበላው ጎመኑን ነው።» መቀነታቸውንም ፈቱ።

ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመው! ጎመን ለመለመ፣ እትዬ ቁልፍ ሰጡ፣ ቧንቧ ፈሰሰ፣ ፈረስ ጠጥቶ ድርቆሽ ሰጠ፣ ብርቅነሽ ወለሉን አጥባ ሳጥኑ ውስጥ ከታች ጋዜጣ ከላይ ድርቆሽ አነጠፈች፣ ባዘቶም ሳጥን ገባ። ፀሐይም ያን ጊዜ ጠለቀች።

እትዬ አልጣሽ ቃላቸውን አክብረው መጡ። በሩ ላይ ቆመው አሸተቱ። እንደገና አሸተቱ። ሳጥኑ ውስጥ የባዘቶ ጥርስ ብቻ ቀርጠም ቀርጠም ይላል።

«መብረቅ» አሉ እትዬ አልጣሽ፣ «ወደ ቦታህ!»

ከዚያም ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ሳጥኑን በየሁለት ቀኑ ጎመኔ ላይ ገልብጪ። ቁልፉንም አንቺው ያዢው፤ ፈረሱ ነገም ይጠማዋል።»

ተረቴ ሳጥን ገባ። ዳቦ ያለው እኔን ያቅምሰኝ፣ ድርቆሽ ያለው ለባዘቶ ይስጥልኝ።