ሐጂ ቡሽራ በጣሳ የገዙ ዕለት

ኑ፣ ቀረብ በሉ ልጆቼ። ክረምቱ ገብቷል፣ እህል የሚወደድበት ጊዜ ነው፤ ይህም ወሬ የክረምት ነው።

ድሮ፣ ግመል ጨው ጭኖ በሚገባባት አንዲት አሮጌ ከተማ፣ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ የጨው ነጋዴ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። ዱዓቸው ረጅም፣ ነገራቸው አጭር። ነጋዴዎችና ጨው አራጋፊዎች በቀን ምንዳ ሲጣሉ፣ ሁለቱም ወገን "ለአንድ ቤተሰብ ስንት እንደሚበቃ እርስዎ ይቁረጡልን" አሏቸው።

ሐጂም ቤታቸው ገብተው፣ በመኸር ኩንታል የገዙበትን ዋጋ አስታውሰው አሰሉ። ለስድስት ነፍስ በቀን ሦስት ጣሳ ማሽላ፣ ሠላሳ ሳንቲም፤ ለቀረው ሃያ። "ሃምሳ ሳንቲም" አሉ፤ ፋቲሃ ተቀርቶ ጸና።

በሦስተኛው ቀን ዘሀራ መጣች፤ የአራጋፊው የሙሄ ሚስት፣ የአራት ልጆች እናት። የባሏን ሃምሳ ሳንቲም ከፊታቸው አስቀመጠች።

"ሐጂ አባቴ፣ የዛሬውን እርስዎ ይግዙልኝ። ምናልባት መግዛት ያላወቅኩት እኔ እሆናለሁ።"

አልተቆጡም። ተነስተው ገበያ ወረዱ።

"ውይ ሐጂ! እርስዎ በጣሳ?" ብላ ሳቀች እህል ሻጯ። "ኩንታሉ አለቀ እንዴ?"

"ጣሳው ስንት ነው?"

"አሥራ አምስት።"

"የኔ በአሥር ይወጣል እኮ!"

"እሱማ በመኸር፣ በኩንታል ነዋ፣ አባቴ!"

ጣሳው ደግሞ፣ ታውቁታላችሁ፣ ቂጡ ወደ ውስጥ የገባ ነው። ሦስት ጣሳ፣ አርባ አምስት ሳንቲም። በቀረችው አምስት ሳንቲም አንድ እስር እንጨት እንኳ አልተገኘም።

ዘሀራ እህሉን ተቀብላ፣ "ወፍጮውስ? እንጨቱስ? የቤት ኪራዩስ?" አለች።

"አውፍ በይኝ፣ ልጄ" አሉ ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው። ከዚያ ወፍጮ ቤት ሄዱ፣ እንጨት ተራ ሄዱ፣ አከራዮችን ጠየቁ። ጁሙዓ ከሶላት በኋላ በሰው ፊት ቆሙ።

"ተሳስቻለሁ። የሚበቃው አንድ ብር ነው።"

ያሲን የሚባል ነጋዴ ብድግ አለ። "ፋቲሃ ተቀርቶበታል እኮ! ደግሞስ እነሱም ኩንታል ይግዙ፤ ማን ከለከላቸው?"

"የኩንታሉን ዋጋ አስቀድመህ ትሰጣቸዋለህ?"

ያሲን ጢሙን አሻሸ።

"በጎተራዬ ሆኜ የሰው ድስት ለካሁ፤ ጥፋቴ ይህ ነው" አሉ ሐጂ። "ከዛሬ ጀምሮ እኔ አንድ ብር እከፍላለሁ።"

ማንም አልተከተላቸውም። ትርፋቸው ቀረ፣ በቅሏቸውን ሸጡ፤ ምንዳውን ግን አልቀነሱም። አንድ ቀን የያሲን ግመሎች ሲገቡ ሰማዩ ጠቆረ፤ አራጋፊው ሁሉ ሐጂ ዘንድ ነው። ጨው ደግሞ ዝናብ ላይ አይቆይም። ያሲን ጋቢውን እየጎተተ ሮጦ መጣ፤ "አንድ ብር! ኧረ አንድ ብር፣ ብቻ ቶሎ ኑ!"

እኔ እንዲህ ይገባኛል፤ መሳሳት ማንም ይሳሳታል። እሳቸውን ከፍ ያደረጋቸው ገበያ ወርደው በጣሳ መግዛታቸውና የቀሩትን ነጋዴዎች አለመጠበቃቸው ነው።

ያሲን እያጉረመረመ እስኪሞት ድረስ አንድ ብር ከፈለ። ዘሀራ ከሦስት ዓመት በኋላ በመኸር የመጀመሪያ ኩንታሏን ገዛች። ሙሄ ወገቡ ሲደክም ጨው መሸከሙን ትቶ ሚዛን ያዘ። ሐጂ ቡሽራም በየክረምቱ መግቢያ፣ ምንዳው ይበቃ እንደሆነ ለማየት በጣሳ ሊገዙ ገበያ ሲወርዱ ኖረው፣ በዕድሜያቸው ሞቱ።