ያልተንኳኩት ጡቦች

አንድ ይርዳው የሚባል ጠጋኝ ነበረ። ሥራው ወደ ሰማይ ሄዳ የምትመለስ መንኮራኩር በመጣች ቁጥር ለሚቀጥለው ጉዞ ማዘጋጀት ነው። ሌሎች መንኮራኩሮች አንዴ ሄደው ይቀራሉ። እሷ ግን እንደ ነጋዴ በቅሎ ሄዳ ትመለሳለች፣ ታክማ ደግሞ ትሄዳለች።

የመንኮራኩሯ ሆድ እንደ ሸክላ በተተኮሱ ጡቦች የተሸፈነ ነው። ስትመለስ ከፍጥነቷ የተነሣ አየሩ እሳት ይሆንባታል፤ ያን እሳት የሚመልሱት እነዚህ ጡቦች ናቸው። አንዱ ከወለቀ እሳቱ በዚያ ይገባል፣ በውስጧ ያለ ሰውም አይተርፍም። ስለዚህ ይርዳው ከሥሯ በጀርባው ተኝቶ ጡቦቹን አንድ በአንድ በጣቱ አንጓ ያንኳኳል። ሙጫው የያዘው ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ የለቀቀው እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል። የለቀቀውን ነቅሎ በአዲስ ይተካል። ሲጨርስ ወረቀት ላይ ይፈርማል። ያለ እሱ ፊርማ መንኮራኩሯ አትነሣም።

በመጀመሪያው ጊዜ ለዚህ ሥራ ስድስት ወር ተሰጥቶት ነበር። በደህና በተመለሰች ቁጥር ጊዜው እየተቀነሰ መጣ። ከስምንተኛው ጉዞ በኋላ የተሰጠው ሃያ ቀን ብቻ ነው። ይርዳው አርጅቷል። ትከሻው አልታዘዝ ብሏል፣ የጣቱ አንጓ አብጧል። በሃያኛው ቀን ከሆዷ ሲሶው ገና አልተነካም ነበር። በተኛበት ሆኖ የቀሩትን ጡቦች አያቸው። ቀለማቸው አልተለወጠም፣ አልተሰነጠቁም። «እነዚህ ስምንት ጊዜ ሄደው ሲመለሱ አንድ ቀን አስቸግረውኝ አያውቁም» አለ በልቡ። ወረቀቱን ፈርሞ ወጣ።

በዚያ ሥራ ቤት አንድ ልማድ አለ። ተጓዥ ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ከጠጋኞቹ ጋር ምሳ ይበላል። የዚያን ጊዜ ተጓዥ ስንዱ የምትባል ሴት ነበረች። መጥታ በመካከላቸው ተቀመጠች።

«ብዪ እንጂ፤ እላይ ያለው ምግብ እንደ ጥርስ ሳሙና ተጨምቆ ነው የሚወጣው አሉ» አላት ጎሹ የሚባል ሠራተኛ።

«ከእናንተ ሽሮ ግን አይብስም» አለችው።

ሁሉም ሳቁ። ይርዳው አልሳቀም። ስንዱ ወደ እሱ ዞረች።

«ጋሽ ይርዳው፣ አሁን ያስቸገሩዎት የትኞቹ ጡቦች ናቸው?»

«በአፍንጫዋ በኩል ያሉት። አርባ ያህል ነቅዬ ተክቻለሁ።»

«ያላስቸገሩዎትስ? እነሱ እንዴት ናቸው?»

ጠርጥራ አልነበረም። የዘመድ ጤና እንደሚጠየቅ ነው የጠየቀችው። የይርዳው እጅ ግን ከትሪው ላይ ቀረ።

«አላውቅም፣ ልጄ» አላት። «አላንኳኳኋቸውም።»

ይርዳው ተነሥቶ ወደ አለቃው ወደ ደምሰው ሄደ።

«ወረቀቱን ይመልሱልኝ» አለ። «ሲሶው አልተነካም።»

«ፈርመህ የለም እንዴ?»

«ፈርሜ ዋሽቻለሁ።»

«ስምንት ጊዜ በደህና ተመልሳለች እኮ። ስትነሣ ሊያዩ የተጠሩት እንግዶች ከትናንት ጀምሮ እየገቡ ነው። ምን ልበላቸው?»

«በሬ ስምንት ክረምት አርሶ በዘጠነኛው ክረምት ትልም ላይ ይወድቃል፣ አለቃ። ሕመሙ ግን የጀመረው በዘጠነኛው ክረምት አይደለም።»

አለቃው ወረቀቱን ቀደደው። «ሄደህ ጨርስ» አለ። «ከዚህ በኋላ ግን የሚፈርም ሌላ ሰው ነው።»

ጉዞው ተላለፈ። እንግዶቹ እያጉረመረሙ ሄዱ። ይርዳው አሥራ አንድ ቀን በጀርባው ተኝቶ አንኳኳ። በመጨረሻው ቀን አለቃው መጥቶ ከአጠገቡ ቆመ።

«ስንት የለቀቀ አገኘህ?»

«አንድም የለም። ሁሉም ጠንካራ ናቸው።»

«እንግዲያው አሥራ አንድ ቀን በከንቱ ነው የፈጀነው። አንተም ቦታህን በከንቱ አጣህ።»

ይርዳው ለመነሣት ብረቱን ያዘ። ወገቡ እስኪቃና ጠበቀ።

«ያን ቀን ብትሄድም በደህና ትመለስ ነበር፤ እውነት ነው» አለ። «እኔ ግን ያን ቀን ይህን አላውቅም ነበር። የሰው ነፍስ የጫንኩት በማላውቀው ነገር ላይ ነው።»

በማግስቱ ስንዱ ሄደች፤ በጊዜዋም ተመለሰች። ከተመለሰች በኋላ ጡቦቹን ያንኳኳው ሌላ ሰው ነው።

ክፉ ሥራ ሁልጊዜ በክፉ አያልቅም፤ ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ነው። ሳይመረምር የፈረመ ሰው ነገሩ በደህና ካለፈለት አዋቂ ነኝ ይላል፣ ነገም ይደግመዋል። ዕድል የሠራልህን እጄ ሠራው አትበል። ሲያገለግልህ ኖሮ ያላማረረውን፣ ከብትም ይሁን ሰው፣ ደህና ነው ብለህ ከማለፍህ በፊት ቀርበህ እየው። ከደከመህ ደክሞኛል በል፤ ነውር የለበትም። ያልሠራኸውን ግን ሠርቻለሁ አትበል።

አንተስ፣ ደህና ነው ብለህ ስምህን ካኖርክበት ሁሉ፣ እጅህ ያልደረሰበት የትኛው ነው?