ያለ እንቁላል የተያያዘው ድንች

አንድ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። ስሙ ምትኩ ነው። ሙያውን አሳምሮ ያውቃል፣ በራሱ ግን አይተማመንም። ሰዓት ጠግኖ ካስረከበ በኋላ ደንበኛውን እስከ በር ተከትሎ «እስቲ አንዴ መልሱልኝ፣ ልየው» የሚል፣ ሱቁን ቆልፎ መንገድ ከጀመረ በኋላ በሩ በደንብ መቆለፉን ለማየት የሚመለስ ዓይነት ሰው ነበር።

እናቱ ወይዘሮ አስካለ ሲሞቱ በደብሩ ሰንበቴ የነበራቸውን ቦታ አወረሱት። የሰንበቴው አባላት እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ባለችው አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ባለተራው ያመጣውን ምግብ ካህኑ ይባርኩታል፣ መጀመሪያ ነዳያን ይበላሉ፣ ቀጥሎ አባላቱ። የማኅበሩ ደንብ አንድ ነገር ላይ ጥብቅ ነው፦ ምግቡ በባለተራው ቤት፣ በቤተሰቡ እጅ የተሠራ መሆን አለበት። የተገዛ አይቀርብም። ጎረቤት የሠራውም አይቀርብም። ምትኩ ደግሞ ሚስትም እህትም የለውም።

የእናቱ ቦታ ከመስኮቱ ሥር፣ በግድግዳው ዙሪያ ከተሠራው መደብ ጥግ ላይ ነበር። ልጅ ሳለ እዚያ እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ቆሎ ቆርጥሟል። ቤት ውስጥ እናቱ እንደሌሉ በየሰዓቱ ይሰማዋል። እዚያች ጥግ ሲቀመጥ ብቻ ይረሳዋል።

የመጀመሪያ ተራው ሲደርስ ድፎ ዳቦ ጋገረ። ላዩ አረረ፣ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ቀረ። እትዬ ደብሪቱ የሚባሉ በሙያቸው አገር ያወቃቸው ሴት ቁራሹን በጣታቸው ጫን አደረጉትና «ይሄ እንግዳ ቸኩሎ መጥቷል፤ ወደ ምድጃው ይመለስ» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ምትኩም አብሮ ሳቀ። ነዳያኑ ግን የዚያን እሁድ ሳይበሉ ሄዱ፤ እሱን ሲያስብ ሳቁ ጠፋ።

የማኅበሩ አለቃ ጋሽ ዘርጋው ለብቻው ጠሩት።

«ልጄ፣ አስካለን ሁላችንም እንወዳቸው ነበር» አሉ። «ግን ተራ የሚባል ነገር አለ። አንተ ባዶህን ስትመጣ የሚራበው ደጅ ላይ ያለው ሰው ነው። በሁዳዴ ተራህ ይመለሳል። ያኔም ካልሆነልህ ቦታውን የእትዬ ደብሪቱ ምራት ጠይቃለች፣ ለሷ እንሰጣለን።»

«እሺ ጋሼ» አለ ምትኩ።

ከቤቱ ጓሮ ሚስ ሻርዳ ይኖሩ ነበር። ከህንድ አገር መጥተው የከተማውን ልጆች ለብዙ ዘመን ሒሳብ ያስተማሩ፣ ጡረታ ወጥተውም እዚያው የቀሩ ሴት ናቸው። ምትኩም ተማሪያቸው ነበር። ሥጋም ሆነ እንቁላል ስለማይቀምሱ የሰፈሩ ሰው «ሚስ ዓመቱን ሙሉ ሁዳዴ ላይ ናቸው» ይላል። ምትኩ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው።

«ዳቦውን ተወው» አሉት። «ድንች ትችላለህ?»

«ድንች ማን ያቅተዋል ሚስ?»

«እናያለን» አሉ።

የነገሩት በአገራቸው ቲኪ የሚባለውን ነው። ድንች ተቀቅሎ ይፈጫል፣ በቅመም ይታሻል፣ በመዳፍ ጠፍጠፍ ተደርጎ በጥቂት ዘይት ይጠበሳል። ቅቤ የለበትም፣ እንቁላል የለበትም። ለጾም የተፈጠረ ይመስላል። ከምትኩ ማድቤት ገብተው በርጩማ ላይ ተቀመጡና ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «እኔ ምንም አልነካም» አሉ። «እጄን ካስገባሁ ያንተ መሆኑ ይቀራል።»

ምትኩ ድንቹን ልጦ፣ ለወጥ እንደሚደረገው ከታትፎ፣ ብዙ ውሃ ውስጥ ቀቀለው። ሲቀዘቅዝ ይጠጥርብኛል ብሎ ስለፈራ እንፋሎቱ ፊቱን እየመታው ቶሎ ፈጨው። ሽንኩርት፣ ቃሪያና ዝንጅብል አድቅቆ ጨመረ። ታምሶ የተፈጨ ከሙንና ድንብላል፣ ትንሽ እርድም አከለበት። ሽታው ደስ ይል ነበር። ጠፍጥፎ ዘይቱ ላይ ሲያስቀምጠው ግን ተበተነ። በማንኪያ ሊሰበስበው ቢሞክር ይበልጥ ተበተነ፤ መጥበሻው ላይ የቀረው ገንፎ የሚመስል ነገር ነበር።

እጁ ሳያስበው ወደ እንቁላሉ ቅርጫት ሄደች። ጾም መሆኑ ትዝ ሲለው መልሶ ሰበሰባት። በእንቁላሉ ፋንታ የሽምብራ ዱቄት ጨመረ። አሁንም አልያዘም። ሌላ ጨመረ። የደረቀ ዳቦ ፈርፍሮ ጨመረ። ሰዓት እንደሚጠግን ሰው እየለካ፣ እያመዛዘነ ጨመረ። በመጨረሻ ተያያዘ። ሚስ ሻርዳ አንዱን አንስተው ገመጡና ለረጅም ጊዜ አኘኩት።

«ተያይዟል» አሉ።

የምትኩ ፊት በራ።

«ድንቹ ግን የት ሄደ?»

ምትኩ ራሱም ቀመሰው። እውነታቸውን ነው። ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ከመድረቁ የተነሳ ቢወረወር ሰው ይፈነክታል። «እኔ አልሆንም ሚስ» አለ። «እናቴ እጇ ላይ የነበረ ነገር እኔ ላይ የለም። የሆነ ነገር ይጎድለኛል።»

ሚስ ሻርዳ ድሮ ሰሌዳ ፊት አቁመውት እንደሚያዩት አዩት።

«ስትፈጨው እጅህን አቃጠለህ?»

«አቃጠለኝ።»

«ለምን?»

«እንፋሎት ነበረዋ።»

«እንፋሎት ምንድን ነው?»

ምትኩ ትንሽ አሰበ። «ውሃ ነው» አለ።

«ታዲያ ውሃውን እዚያው ዘግተህበት በላዩ ዱቄት ትከምራለህ። ዱቄቱ ውሃውን ይጠጣል፣ አንተ ደግሞ ሌላ ዱቄት ትጨምራለህ። እኔ ያስተማርኩህ መደመር ብቻ ነው እንዴ? መቀነስን ማን ወሰደብህ?»

በማግስቱ ምትኩ ድንቹን ከነልጣጩ፣ ሳይከትፍ ቀቀለው። ልጦ ሰፊ ትሪ ላይ በተነውና ጠበቀ። ለሱ ከሥራው ሁሉ የከበደው ይህ መጠበቅ ነበር። ደጋግሞ ሊነካው ተነሳ፣ ሚስ ሻርዳ ደጋግመው «ተቀመጥ» አሉት። እንፋሎቱ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። የድንቹ ገጽ እርጥበቱን ጥሎ ደረቀ። ያኔ ፈጭቶ በቅመሙ ሲያሸው ድንቹ በራሱ ተያያዘ። መዳፉ ላይ ሲጠፈጥፈው ጫፉ እንኳ አልተሰነጠቀም። ለማማሩ ብቻ ዱቄት ነካ አደረገውና መጥበሻው ላይ አኖረው። ወዲያው ሊገለብጠው ማንኪያውን ሰደደ።

«አትነካካው» አሉ ሚስ ሻርዳ። «ሲደርስ ራሱ መጥበሻውን ይለቃል። ካልለቀቀ አልደረሰም።»

ምትኩ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መጥበሻውን ነቅነቅ ቢያደርገው ቲኪው ተንሸራተተ። ገለበጠው። ወርቅ መስሏል። ሚስ ሻርዳ ቀመሱና ሌላ አነሱ።

እሁድ ደረሰ። ምትኩ ሌሊት ተነስቶ የጠበሰውን በመሶብ ሞልቶ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ደብሩ ወሰደ። ምናልባት ቢጎድልስ ብሎ ስለሰጋ፣ የተቀቀለና የቀዘቀዘ ድንች በትሪ፣ ቅመሙንም ለየብቻ ቋጥሮ፣ ከመጥበሻና ከዘይት ጋር ያዘ። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሲሞላ መሶቡን ከካህኑ ፊት አስቀመጠና ጨርቁን ገለጠ።

እትዬ ደብሪቱ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዩ። «ዛሬስ ደርሷል» አሉ። ሰዎች ፈገግ አሉ። እትዬ ደብሪቱ ቀጥለው አንዱን ቲኪ አነሱ፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ጎበጥ አደረጉት፣ አልተሰበረም። ፊታቸው ተለወጠ። «ቆይ። ይሄ ከምን ተሠራ?»

«ከድንች ነው እትዬ።»

«ድንችማ አያለሁ። ስንት ዘመን ምድጃ ስር ኖሬ ድንች እንዲህ ተይዞ አላየሁም። አባ፣ አይባርኩት። እንቁላል አለበት።»

በሁዳዴ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ እንቁላል። ጋሽ ዘርጋው ወደ ምትኩ ዞሩ። ደጅ ላይ የተቀመጡት ነዳያን እንኳ አንገታቸውን አስገብተው ያያሉ።

በሌላ ቀን ቢሆን ምትኩ ራሱን ይጠራጠር ነበር። «ምናልባት አንድ ቦታ ተሳስቼ ይሆን» እያለ ይንተባተብ ነበር። ዛሬ ግን እያንዳንዷን እርምጃ ያውቃታል። ለምን እንደተያያዘም ያውቃል። የሚያውቀውን ነገር መናገር እንዲህ ቀላል መሆኑ ራሱን ገረመው።

«እትዬ፣ እውነትዎን ነው። ትኩሱን ቢፈጩት ያለ እንቁላል አይያያዝም» አለ። «ጋሼ፣ እዚህ የግቢው ማድቤት ውስጥ እሳት አለ። ድንቹም እዚህ አለኝ። ፈቃድዎ ከሆነ ፊታችሁ ልሥራው።»

ጋሽ ዘርጋው ካህኑን አዩ፤ ካህኑ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ምድጃው ወደ በሩ ወጣ። እትዬ ደብሪቱ ቅመሙን ከነቋጠሮው አሸተቱ፣ ትሪውን አገላብጠው አዩ፣ የምትኩን እጅጌ ሳይቀር አስጠቀለሉት። እሱም ፈጨ፣ አሸ፣ ጠፈጠፈ፣ መጥበሻው ላይ አኖረ። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

«ገልብጠው እንጂ፣ ሊያር ነው» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

«ገና ነው እትዬ።»

«የዳቦህ ነገር እንዳይደገም ብዬ ነው።»

«ዛሬ እንግዳው አልቸኮለም» አለ ምትኩ። መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ዘርጋው ነበሩ።

መጥበሻውን ነቅነቅ አደረገ። ቲኪው ተንሸራተተ። ገለበጠው፤ ሙሉ፣ ክብ፣ ወርቃማ ሆኖ ተገለጠ፣ አንዲት ፍርፋሪ እንኳ አልጣለም። ከደጅ አንድ አዛውንት ለማኝ «እሰይ» አሉ። ካህኑ ተነስተው መሶቡን ባረኩ። ነዳያኑ በሉ፣ ደግመው ተቀበሉ። አባላቱም በሉ።

እትዬ ደብሪቱ የመጀመሪያውን ጨረሱ። ሁለተኛውን ሲያጋምሱ ወደ ምትኩ ጠጋ አሉ።

«እንቁላልስ የለበትም፣ አይቻለሁ። ግን የሆነ ነገር ጨምረሃል። ለኔ ብቻ ንገረኝ።»

«አልጨመርኩም እትዬ» አላቸው። «ቀነስኩ።» የቀነሰው ምን እንደሆነም ሳይደብቅ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራቸው።

እትዬ ደብሪቱ የያዙትን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጥግ ዞረው፣ እዚያ ለተቀመጠችው ምራታቸው «ነይ አንቺ፣ ወዲህ ጠጋ በይ» አሉ። «እሱ የአስካለ ልጅ ቦታ ነው።»

ምትኩ ሄዶ ተቀመጠ። የመስኮቱ ብርሃን ትከሻው ላይ አረፈ። በማግስቱም ሱቁን ቆልፎ ሲሄድ ቁልፉን ለማየት አልተመለሰም።

ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር አልያያዝ ሲለን ሁላችንም ወደ ዱቄቱ እንሮጣለን። ትዳር ሲላላ ድግስ እንጨምራለን፣ ወዳጅነት ሲሳሳ ቃላት እንጨምራለን፣ በራሳችን ማመን ሲያቅተን ሌላ ሙያ፣ ሌላ ምስክር፣ ሌላ ቁልፍ እንጨምራለን። ነገሩ ለጊዜው ይያያዛል፤ ጣዕሙ ግን ይሄዳል። ምትኩ የእናቱ እጅ የጎደለው መስሎት ነበር። እጁስ መጀመሪያም ሙሉ ነበር፤ እንፋሎቱ ሳይወጣ ፍርሃቱ ስላስቸኮለው ነው የተበተነበት። ንዴት ሳይበርድ የታረቀ፣ ሐዘን ሳይወጣለት የበረታ፣ ፍርሃት ሳይለቀው የወሰነ ሰውም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ትሪው ላይ አስጣው፣ እስኪቀዘቅዝ ታገሥ፣ ከዚያ ጨብጠው። ያኔ በራሱ ይያያዛል።

እናንተስ፣ በዚህ ሰሞን እየተበተነ ያስቸገራችሁ ነገር ምንድን ነው? ዱቄቱን ከማንሳታችሁ በፊት እጃችሁን አስጠጉና እዩ፤ እንፋሎት አለበት?