ለሙሽራ ብቻ የተጠበቀችው ስቴሽን ዋገን

አንድ ሰው ነበረ። መኪና ነበረው።

ትስቃላችሁ! ዛሬ መኪና ምን ይገርማል? እዚሁ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ማቆሚያ ጠፍቶ ስትጨቃጨቁ አይደል እንዴ የገባችሁት! እኔ የምነግራችሁ ግን የሌላ ዘመን መኪና ነው። ከደሴ ወዲያ፣ ዳገቱንና ቁልቁለቱን ካለፋችሁ በኋላ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ የቤት መኪና አንዲት ብቻ በነበረችበት ዘመን።

ያቺ መኪና የአሜሪካ ስቴሽን ዋገን ነበረች። የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነች አልነግራችሁም፤ ዐውደ ምሕረቱን የመኪና ማስታወቂያ አደረገው ትሉኛላችሁ።

ረጅም ናት። አፍንጫዋ መታጠፊያውን ዞሮ ሲመጣ ጅራቷ ገና ከወዲያ ነው። ኮፈኗ ላይ አንድ ቤተሰብ ከብቦ ምሳ ይበላበታል። ጎንና ጎኗን እንጨት የሚመስል ቡናማ ልባጥ ለብሳለች። የኋላ ወንበሯ ሲታጠፍ ወለሉ እንደ አልጋ ይዘረጋል። ሞተሯስ? ባለ ስምንት ሲሊንደር! ዛሬ «ቪ ኤይት፣ ቪ ኤይት» የምትሉ ልጆች ያቺን ብትሰሟት ኖሮ! ስትነሳ ድምጿን በጆሯችሁ ብቻ አትሰሙትም፤ ደረታችሁ ውስጥ ይገባል። ቤንዚን ትጠጣለች፤ አልዋሽም፣ ያለ ኀፍረት ትጠጣለች። ዳገት ግን አትፈራም። የጭነት መኪና በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣውን ዳገት እሷ ወሬያችሁን ሳታቋርጡ ታወጣችኋለች። ከዚያ ወዲህ እንደሷ ያለ መኪና አልተሠራም የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔም ከነሱ ወገን ነኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መኪና እወዳለሁ።

ባለቤቷ አራጋው ይባላል። አንድ አሜሪካዊ መሐንዲስ ካርታ ሊያነሳ መጥቶ ሳለ አስተርጓሚው ነበር። ፈረንጁ አገሩ ሲገባ መኪናዋን ትቶለት ሄደ።

አራጋው ጓደኛ ነበረው፤ ይመር ልብስ ሰፊው። አብሮ አደጉ ነው፤ ጎረቤቱ ነው፤ እታገኘሁን ሲያገባም ሚዜው አራጋው ነበር። የመኪናዋን ወንበሮች ሽፋን የሰፋው ይመር ነው። ነጭ፣ ዙሪያው ዳንቴል። ለኋላው ወለል ደግሞ ሌላ ሽፋን ሊሰፋ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ መጣ። በኋላ በሩ ገባና በጀርባው ተንጋለለ። እግሩን ዘረጋ። ቦታው አሁንም ተረፈ።

«አንተ አራጋው! ይኼማ ከቤቴ አልጋ ይሰፋል። እታገኘሁ ያባረረችኝ ቀን እዚህ ነው የማድረው!»

«ውረድ ባክህ፣ በነጫማህ!» አለው አራጋው። ሁለቱም ሳቁ።

ይቺን ሳቅ ያዙልኝ። እመለስባታለሁ።

ነጩ ሽፋን ከገባ ወዲህ መኪናዋ የሙሽራ መኪና ሆነች። በከተማው ማን ተዳረ? በእሷ ነው። ማን መልስ ተጠራ? በእሷ ነው። አራጋው ደግሞ ደግ ሰው ነው፤ የድሀ ልጅ፣ የሀብታም ልጅ አይልም። ሪባኑን ራሱ ያስራል፣ ክራቫቱን አድርጎ ራሱ ይነዳል። አንድ ሕግ ብቻ ነበረው። በሽተኛ አይጭንም። ምጥ የያዛት ሴት አይጭንም። ሬሳማ ጨርሶ አይታሰብም።

ለምን? መንገድ ላይ አንድ ሰው ቢሞትባትስ? ሬሳ የጫነች መኪና ትባላለቻ! ከዚያ በኋላ የትኛዋ እናት ናት ልጇን በነጭ ቀሚስ የምታስገባባት? ገደ ቢስ ናት ትባላለች።

ሕዝቡስ ምን አለ? ተቆጣ? የለም፣ ተስማማ! የእድሩ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ «ልክ ነህ። ለኀዘኑ ሌላ እንፈልጋለን፤ እሷስ የደስታችን ትሁን» አሉት። መላው ከተማ የሚኮራበት ሕግ ሆነ።

እስቲ አስቡት ወገኖቼ። ያ ሁሉ ሞተር! ያ ሁሉ ጉልበት! ዕድሜውን ምን ሲሠራ ኖረ? ከሚዘፍኑና ከሚጨፍሩ ሰዎች ኋላ በእግረኛ ፍጥነት ሲያዘግም። አንድ ቀን ለቸኮለ ሰው አልሮጠም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። በማግስቱ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ልጅ ትዳራለች። አራጋው መኪናዋን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ሪባን እያሰረላት ነው። የይመር ሚስት እታገኘሁ ነጠላ እንኳ ሳትደርብ እየሮጠች መጣች።

«ጋሽ አራጋው፣ ድረስልኝ! ይመር ሆዴን እንዳለ ነጋበት። አሁንማ ሆዱ እንደ እንጨት ደርቋል፤ ላብ አጥምቆታል። የክሊኒኩ ድሬሰር አይቶት ‹ይኼ የኔ አቅም አይደለም፣ ቶሎ ደሴ አድርሱት› አለ።»

አራጋው ሪባኑን ከእጁ ጣለ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ቤንዚኑ ሙሉ ነው። መኪናዋ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ቆማለች።

ምን አላት?

እምቢ አላላትም! ይህን ልብ በሉልኝ። አራጋው እምቢ ያለ ሰው ቢሆን ኖሮ ታሪኩን ይዤላችሁ አልመጣም ነበር፤ እናንተ እምቢ የምትሉ ሰዎች አይደላችሁማ! አራጋው እንዲህ ነው ያላት፦

«አይዞሽ እታገኘሁ። አሁኑኑ ፒካፕ አመጣለሁ።»

እሷ መኪናዋን አየች። ከዚያ እሱን አየችው። ሕጉን ታውቃለች።

ሮጠ። በእውነት ሮጠ። የእህል ነጋዴው ፒካፕ ገበያ ወርዷል ተባለ፤ ገበያ ወረደ። ጤፍ ተጭኖበት አገኘው። ለመነ፣ ተቆጣ፣ ከዚያ የጤፉን ማዳበሪያ አንድ በአንድ በገዛ ትከሻው አወረደ። አንዱ ጎማ ተንፍሶ ነበር፤ እሱን አስነፋ። ፒካፑ ይመር ደጅ ሲቆም ፀሐይ አናት ላይ ደርሳለች። የሰፈሩ ሰው አራጋውን በላብ ተጠምቆ ሲያየው «ወንድም ማለት እንዲህ ነው!» አለ። አራጋውም ሰማ። ትንሽ ቀለለው።

ፍራሽ አንጥፈው ይመርን ከኋላ አስተኙት። እታገኘሁ ጋቢና ገባች። አራጋው ከበሽተኛው ጋር ሆነ፤ ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ጃንጥላ ዘርግቶለት። መንገዱ ጠጠር ነው። ፒካፑ በዘለለ ቁጥር ይመር ጥርሱን ይነክሳል። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ፈላ። ቆሙ፤ ውሃ ጨመሩ። ጥቂት ሄደው ደግሞ ፈላ። ያቺ ይህን ዳገት እንደ ሜዳ የምትወጣዋ ግማሽ የታሰረ ሪባኗን አድርጋ ቤቷ ጥላ ሥር ቆማለች።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲቆሙ ይመር ዓይኑን ገለጠ።

«አራጋው።»

«አቤት ወንድሜ።»

«ሽፋኑን አጠብከው?»

«የቱን ሽፋን?»

«የመኪናዋን ነዋ። የነገውን።»

«አጥቤዋለሁ።»

«ዳንቴሉን እርጥቡን ተኩሰው። አንዴ ከደረቀ እሺ አይልም።»

ምዕመናን፣ ይመር ይህን ያለው ሊወቅሰው አይደለም። ልብስ ሰፊ ነው፤ የእጁ ሥራ ሙሽራዋ ሥር ተጨማዶ እንዳይታይ አስቦ ነው። አራጋው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ «ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለኝ። «ቢረግመኝ ይሻለኝ ነበር።»

ደሴ ሲደርሱ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ሐኪሙ የይመርን ሆድ በእጁ ዳሰሰና ቀና ብሎ «ምን አቆያችሁ?» አላቸው። እታገኘሁ መሬት መሬቱን አየች። አራጋውም መሬት መሬቱን አየ። ለቀዶ ሕክምና እያዘጋጁት ሳለ ይመር ዐረፈ።

ቀደም ብለው ቢደርሱ ይድን ነበር? ሐኪሙ አላለም። እኔም አልልም። ዕድሜ በእግዚአብሔር እጅ ነው። አራጋው ይህን ለራሱ ስንት ጊዜ ነግሮታል መሰላችሁ! እውነት ነው፤ ግን አላሳረፈውም። ወንድሙ ቢሞት እንኳ ለስላሳው ላይ ተኝቶ፣ ራሱ በሰፋው ዳንቴል ላይ እግሩን ዘርግቶ መሞት ይችል ነበር። ጠጠር ላይ እየዘለለ የሄደው መኪና ጠፍቶ አይደለም።

አራጋው ያኔ ነቃ። «ዋገኗን ሄጄ አመጣለሁ» አለ። «ይመርን አገሩ የማስገባው በእሷ ነው!»

እታገኘሁ እንባዋን ጠረገች። «ተው ጋሽ አራጋው» አለችው። «ነገ ሙሽራ አለባት። ይመርም ቢሆን አይወድልህም።»

አልተቆጣችም እኮ! ብትቆጣ ይቅርታ ይጠይቃት ነበር። በራሱ ሕግ መለሰችለት።

ይመር በፒካፑ ተመለሰ። እሑድ ተቀበረ። የዳቦ ቤቱም ልጅ እሑድ ተዳረች፤ ሹፌሩ ቀብር ላይ ነውና በእግሯ ሄደች፤ ዘፈን እንኳ አልተዘፈነላትም። መኪናዋ በዚያ እሑድ ለሠርጉም አልሄደች፣ ለቀብሩም አልሄደች።

ከዚያ በኋላ አራጋው ሪባኑን ፈታ። እድሩ በተሰበሰበበት ተነስቶ «ከዛሬ ጀምሮ የታመመ ሰው ያለበት ቤቴን ያንኳኳ፤ ቁልፉ በሩ ላይ ተሰቅሏል» ብሎ ተናገረ።

ማን አንኳኳ? ማንም። ሰው ተሳቀቀ። «የሙሽራ መኪናማ አናበላሽም» አለ። ሕጉን እሱ አስተማራቸው፤ ቢሽረውም አልለቀቃቸውም። እያደር ፒካፑ በዛ። አምቡላንስም መጣ። ሙሽሮችም አዳዲስ መኪና አገኙ። እሷ ቆርቆሮ ጥላዋ ሥር ቀረች፤ ጎማዋ ወደ መሬት ሰመጠ።

አራጋውን ያገኘሁት ሸምግሎ ነው። ለስብከት ከተማዋ ሄጄ ሳለ መኪና እንደምወድ ሰምቶ አስጠራኝና ሸራውን ገለጠልኝ። እንዴት ያለች መኪና መሰለቻችሁ! እንደ ሕፃን ዞርኳት። «አባባ፣ ሞተሯ ምን ሆነ?» አልኩት።

«ምንም አልሆነ» አለኝ። «ምን ሠርቶ!»

ከዚያ የኋላ በሯን ከፈተ። ነጩ ሽፋን አለ፤ ቢጫ ሆኗል። ዳንቴሉ አልተጨማደደም። በእጁ ዳሰስ ዳሰስ አደረገውና እንዲህ አለኝ፦ «ይኸውልህ መምህር፣ ሰው እግሩን ዘርግቶ ይተኛባታል። እንደሚበቃው ራሱ ለክቶ ነበር።»

ያቺን ሳቅ ያዙልኝ ብያችሁ አልነበር? አራጋው እስከ ዛሬ ይዟታል።

እንግዲህ ወደ እኛ ልምጣ።

እናንተ ስቴሽን ዋገን የላችሁም። ቡፌ ግን አላችሁ። ቡፌው ውስጥ የእንግዳ ብርጭቆ አለ፤ አይደለም? ልጆቻችሁ እንዳይነኩት ተቆልፎበታል። እናታችሁ መጥታ ውሃ ስትጠይቃችሁ በምን ሰጣችኋት? በፕላስቲክ! «እናቴ እኮ ናት፣ ባዳ አይደለችም» ብላችሁ። የቅርብ ሰው ስለሆነች የቅርቡን ዕቃ ሰጣችኋት።

ብርጭቆው ይቅር። ከእሱ የሚበልጥ አላችሁ። ጊዜ አላችሁ። ጉልበት አላችሁ። የሚያምር አንደበት አላችሁ፤ ለሠርግ ንግግር ማን ይችላችኋል! ለምረቃው ከሥራ ፈቃድ ትወስዳላችሁ፤ ለልደቱ ኬክ ይዛችሁ ከተማ ታቋርጣላችሁ። አባታችሁ ሲታመምስ? እምቢ አትሉም፤ እግዚአብሔር ምስክራችሁ ነው፣ እምቢ አትሉም! ሠራተኛ ትቀጥሩለታላችሁ። የጎረቤት ልጅ ትልኩለታላችሁ። «መድኃኒቱን ዋጠ ወይ?» ብላችሁ ትደውላላችሁ። መልካም ነው። የአራጋውም ፒካፕ መልካም ነበር፤ ማዳበሪያ ተሸክሞ፣ በላብ ተጠምቆ ያመጣው ነው።

ግን ቁልፉስ? ኪሱ ውስጥ የነበረውስ ቁልፍ?

እኛ እምቢ አንልም ወገኖቼ። እናመቻቻለን። ምርጡን ሸፍነን እናስቀምጥና ለወንድማችን ሌላ ነገር ስንፈልግ እንደክማለን። ሰውም «ደጎች ናቸው» ይለናል፤ እኛም እንሰማለን፤ ትንሽ ይቀለናል።

አሁን ይህን ስናገር አንድ ሰው ትዝ ብሏችኋል። ስሙን እኔ አላውቅም፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። ተኝቷል፤ ወይም ተጣልቷችኋል፤ ወይም ብቻውን ነው። እባካችሁ ለእሱ ፒካፕ ፍለጋ ገበያ አትውረዱ። ዛሬ፣ ከዚህ እንደወጣችሁ፣ ሪባኑን ፍቱት። ሽፋኑ ይቆሽሽ። የኋላውን በር ክፈቱና «ግባ ወንድሜ፣ እግርህን ዘርጋ» በሉት።

አራጋው ይህን ለማለት ዛሬም ዝግጁ ነው። እሺ ብሎ የሚገባለት ሰው ግን የለውም።