የጥጋቡ ሠላሳ በመቶ

ቡርቃ ፍል ውኃ በምትባል ከተማ አንድ ሰው በእጁ ያለውን ደህና ነገር ትቶ ርካሽ የተባለውን ሲያሳድድ ከታየ፣ የአገሩ ሰዎች ተያይተው ፈገግ ይሉና አንዲት አጭር አባባል ይወረውሩበታል። መንገደኛ ቢሰማት ስለ ቤት ዕቃ የሚያወሩ ይመስለዋል። ነገሩን የሚያውቁት ግን የሰዓት ጠጋኙን የጥጋቡን ታሪክ ያነሳሉ። የሚያነሱትም በክፋት አይደለም፤ ሰውየው ደግ ሰው ነበርና።

ጥጋቡ አዳማ ገበያ ዳር፣ ከቁም ሣጥን በማትሰፋ ሱቅ ውስጥ ሰዓት ይጠግን ነበር። ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ስለሚውል ወገቡን ያመዋል። ስለዚህ በየዓመቱ ጥር ሲገባ ሱቁን ለአንድ ሳምንት ይዘጋና ከሚስቱ ከትርንጎ ጋር ወደ ቡርቃ ወርዶ በፍል ውኃው ይታጠባል። ማደሪያ ቸግሮት አያውቅም። ታላቅ እህቱ አስካለ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከፍል ውኃው አጥር ፊት ለፊት ብቻዋን ትኖራለች። እነሱ ሲመጡ ያላትን አንድ የብረት አልጋ ትለቅላቸውና ራሷ መደብ ላይ ትተኛለች። «እትዬ፣ ተዪ እንጂ!» ሲላት «ዝም በል፤ አዝዬ ያሳደግሁህ ነኝ» ትለዋለች። እሱም እሺ ብሎ አልጋው ላይ ይወጣል፤ ሌሊቱን ግን መደቡ ሲጎረብጣት፣ ስትገላበጥ እየሰማ እንቅልፍ ያጣል።

የዚያን ዓመት ፍል ውኃው ተለውጦ ጠበቃቸው። ባለሀብቶች ገዝተውት ሰፊ ገንዳ ቆፍረዋል፤ ለልጆች መንሸራተቻና የሚሽከረከሩ የእንጨት ፈረሶች ተክለዋል፤ ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴልም ሠርተዋል። ዓመቱን ሙሉ የሚያስገባ ካርድም ይሸጣሉ። ጥጋቡ አንድ ለራሱ አንድ ለትርንጎ አዳማ ላይ ገዝቶ ነበር። በካርዱ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ለሰዓት በሚጠቀምባት ማጉያ አነበበው፦ ለዓመት ካርድ ባለቤቶች በሆቴላችን እስከ ሠላሳ በመቶ ቅናሽ። «እስከ» የምትለዋን ቃል ግን ዘለላት።

«ዘንድሮ ሆቴል ነው የምናርፈው» አላት ትርንጎን፣ አውቶቡሱ ውስጥ።

«እትዬ አስካለስ? አንጥፈው ነው እኮ የሚጠብቁን!»

«አንድ ዓመት እንኳ በአልጋዋ ትረፍ። ደግሞ ቅናሹን ካልተጠቀምኩበት ካርዱን ለምን ገዛሁት?»

ትርንጎ የመጀመሪያው ገብቷታል። ሁለተኛው ግን አልገባትም። ካርዱ የተገዛው ለመታጠብ አልነበረም እንዴ?

ዓርብ ቀትር ላይ ደረሱ። ጥጋቡ በእህቱ ደጅ ሲያልፍ ፊቱን አዙሮ ሻንጣውን እየጎተተ በቀጥታ ሆቴሉ ገባ። እንግዳ ተቀባይዋ ሰናይት የምትባል ትሑት ልጅ ናት። ካርዱን ተቀብላ አየችው።

«ቅናሹ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ነው፣ ጋሼ። ዛሬ ዓርብ ነው።»

«እስከ ሰኞ ታዲያ ምን ልሁን?»

«በሙሉ ዋጋ ማረፍ ይችላሉ። ሦስት ሌሊት በሙሉ ዋጋ ያረፈ ሰው ከአራተኛው ሌሊት ጀምሮ ቅናሽ ያገኛል።»

ጥጋቡ አገጩን አሻሸ። «እሺ፣ ሰኞ ስንት ይሆናል?»

«ቅናሹ ወደ ገንዳው በሚያዩት ክፍሎች ላይ ነው» ብላ ዋጋውን ነገረችው።

«በጓሮ በኩል ያሉትስ?»

«እነሱ ቅናሽ የላቸውም። ግን ርካሽ ናቸው።»

«ከቅናሹ ይልቅ?»

«ከቅናሹም ይልቅ፣ ትንሽ። ቁርስም አላቸው። በቅናሽ ላረፈ ሰው ቁርስ የለም።»

ጥጋቡ የመቶ ዓመት ሰዓት ፈትቶ ሲገጥም አንዲት ብሎን የተረፈችው መሰለው። «ቆይ የኔ ልጅ፤ ታዲያ ቅናሽ ያለው ነው የሚወደደው?»

«አዎ» አለች ሰናይት፤ ልጅቷም ግራ እንደተጋባች ያስታውቅ ነበር። «ግን ቅናሽ አለው።»

ትርንጎ እጅጌውን ያዘችው። «ተው፣ እንሂድ።» እሱ ግን እዚህ ድረስ መጥቶ ያለ ቅናሽ መመለሱ እንደ መሸነፍ ሆነበት። ሰናይት መታወቂያውን ስታየው ደግሞ ሌላ ጣጣ ወጣ፤ የአባቱ ስም መታወቂያው ላይ «ወልደሚካኤል»፣ ካርዱ ላይ «ወ/ሚካኤል» ይላል። በግቢው ማዶ ካለው የካርድ ክፍል ማረጋገጫ ማምጣት አለበት። ሄደ። የካርድ ክፍሉ ከሆቴሉ ደብዳቤ አምጣ አለው። ተመለሰ። ደብዳቤ ይዞ እንደገና ሄደ።

በሦስተኛው ምልልስ ከአጥሩ ውጭ እህቱን አያት። አስካለ መኪና መውረጃው ላይ ጠብቃ ጠብቃ ሲቀሩባት ወደ ግቢው በር መጥታ ኖሯል። ነጠላዋን ተከናንባ፣ በሁለት እጇ የአጥሩን ሽቦ ይዛ ወደ ውስጥ ታማትራለች። ጥጋቡም፣ ለምን እንዳደረገው ኋላም ሊያስረዳ አልቻለም፣ ከሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ጀርባ ተደበቀ። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ልጆቹ ከፈረሶቹ ላይ ሆነው እየዞሩ አዩት።

የማረጋገጫውን ማኅተም አግኝቶ ሲመለስ ላቡ ጠፍ ብሎ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌሊቶች በሙሉ ዋጋ፣ አራተኛዋን በቅናሽ ከፈለ። ደረሰኙ ላይ «ተመላሽ አይደረግም» የሚል ሰማያዊ ማኅተም አረፈበት። ትርንጎን ፈለጋት፤ የለችም። በሩ ዘንድ ከአስካለ ጎን ቆማለች። የበሩ ጠባቂ ጋሽ ገመዳም፣ ሰፈሩን ሁሉ የሚያውቁ ሽማግሌ፣ በዱላቸው ተደግፈው አብረዋቸው ቆመዋል። ጥጋቡ ሻንጣውን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

አስካለ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

«ምን በድዬህ ነው?» አለችው። «አምና የተናገርኩት ክፉ ቃል አለ? ትርንጎን ጠየቅኋት፣ ስለ ካርድ ትነግረኛለች። ካርድ ምን አደረግሁ እኔ?»

«ምንም አልበደልሽኝም፣ እትዬ። አንቺ መደብ ላይ እየተኛሽ እኔ አልጋ ላይ... እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ልትረፊ ብዬ ነው።»

አስካለ እጁን ይዛ መንገዱን አሻገረችው፤ የቤቷንም በር ከፈተች። መደቡ ፈርሷል። በቦታው አዲስ የእንጨት አልጋ ቆሟል፤ ቀለሙ ገና ይሸታል፤ ላዩ ላይ የጥጥ ፍራሽና የታጠበ ጋቢ ተነጥፎበታል።

«እንቅልፍ እንደማይወስድህ መች አጣሁት» አለች። «ዶሮዎቼን ሁሉ ሸጬ ነው ያሠራሁት። ዘንድሮ ሁላችንም አልጋ ላይ እንተኛ ብዬ።»

ጥጋቡ ከበሩ ገባ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እናታቸው ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሲያለቅስ ትርንጎ አይታው አታውቅም። አስካለ አጠገቡ ተቀምጣ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው፤ ሰው ገላምጦ የሚያልፍበትን በርም በእግሯ ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

በዚያ ሳምንት ከእህቱ ዘንድ አደረ። ወደ ገንዳው የሚያየው ክፍል አራቱንም ሌሊት ባዶውን ነበር። ነገሩ ግን ከጭንቅላቱ አልወጣ አለ። ማክሰኞ ጠዋት ታጥቦ ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና ጋሽ ገመዳን ጠየቃቸው።

«ጋሽ ገመዳ፣ እርስዎ የዕድሜ ባለጸጋ ነዎት፤ እስቲ ያስረዱኝ። አራተኛዋን ሌሊት በእርግጥ በቅናሽ ነው ያገኘኋት። ክፍሉ ውስጥ አላደርኩም። ካርዱ ግን ለመታጠቢያው ጠቅሞኛል። እንግዲህ እኔ አተረፍኩ ወይስ ከሰርኩ?»

ሽማግሌው ሌሊቶቹን በጣታቸው ቆጠሩ። እሳቸውም ሒሳቡ ሳያምታታቸው አልቀረም።

«ዘመድ የሌለው ሰው፣ ያውም በሰኞ ቢመጣ፣ ቅናሹ ሳይጠቅመው አይቀርም» አሉ በመጨረሻ። «ሰኞ አንድ ባልና ሚስት ከሩቅ አገር መጥተው ደስ ብሏቸው ነው የገቡት። ያንተ ግን ሌላ ነው፣ ልጄ።»

«ምንድን ነው የኔ?»

ጋሽ ገመዳ ዱላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩና፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቡርቃ ያልረሳችውን ቃል ተናገሩ፦ «የእህት አልጋ ትቶ፣ ቅናሽ ፍለጋ!»